ቀለቡ ያልተከፈለ ፈረስ፦ ይዞ መጠበቅ፣ መያዣ ማስመዝገብ፣ ሽማግሌ ወይስ ክስ?

የምንኖረው አዳማ ነው። አባቴ ግቢያችን ውስጥ የባለጋሪዎችን ፈረሶች ያሳድራል። አንዳንዴም ለወር፣ ለሁለት ወር እየቀለበ ያቆያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ዳማ ባዝራ እየሳበ መጣ። ግንባሯ ላይ ቦቃ አላት። የግራ የኋላ እግሯ ከሰኮናዋ በላይ ነጭ ነው። "ሁለት ወር ቀልቡልኝ፣ ሥራ አግኝቼ ራቅ ወዳለ አገር ልሄድ ነው" አለ። የመጀመሪያውን ወር ቆጥሮ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ሆነ።

ባዝራዋ አምስት ወር ቆየች። አባቴ በየማታው ጭዱን፣ ፉርሽካውን፣ የሐኪሙን ወጪ በሰማያዊ ደብተር ይጽፋል። ደብተሩ ሊሞላ ደረሰ። ሰውየው ግን አንዲት ገጽ ላይ እንኳ አልፈረመም። ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። "ሽጣት" ያለ አለ። "ጋሪ ላይ አስገባትና የበላችውን ትመልስ" ያለ አለ። "ክሰሰው" ያለም አለ፤ የሰውየውን አድራሻ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለዚህ ነገር ይጠይቀኛል። ስለዚህ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ የቱ ለማን እንደሚያዋጣ የማምንበትን ልጻፍ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከላችሁን ጽሑፍ አንብባችሁ ይሆናል። እንደ ቴክሳስ ባለ ግዛት ሕጉ ራሱ ለፈረስ ጠባቂው ይቆምለታል። እንስሳ እንዲንከባከብ የተሰጠው ሰው ላልተከፈለው ዋጋ እንስሳው ላይ የመያዣ መብት አለው። የድንጉላ ባለቤትም ለማስጠቂያው፣ ማለትም ባዝራ ለማስረገዣው፣ ዋጋ በሚወለደው ውርንጭላ ላይ መብት ያገኛል። ይህ የእነሱ ሕግ ነው። እዚያ ይሠራል ብላችሁ እዚህ በእሱ አትመኩ። አዳማ ላይ የእናንተን ጉልበት በዋናነት የሚወስነው ፈረሱ በራችሁን ከመግባቱ በፊት የጻፋችሁት ወረቀት ነው።

"ክፈልና ውሰድ" ብሎ መያዝ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። መነሻ የሌለው ሐሳብም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1757 ላይ፣ የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን "ፈጽምልኝ" ሊል እንደማይችል ይናገራል። ቀለቡን ያልከፈለ ሰው "ፈረሴን ስጠኝ" ሲል ክርክራችሁ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መያዝ በደንብ የሚሠራው ባለቤቱ ከተማው ውስጥ ሲኖርና ፈረሱ የዕለት እንጀራው ሲሆን ነው። ባለጋሪ ያለ ፈረሱ ሁለት ቀን መዋል ይከብደዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት መጥቶ "ዛሬ ግማሹን ልስጥህ፣ ቅዳሜ ቀሪውን" ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ባለቤቱ ከጠፋ ግን መያዝ ኪሳራ ነው። መኪና ወይም ወርቅ ብትይዙ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፈረስ ይበላል። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 2.5 ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። 250 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ በየቀኑ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ማለት ነው። ለምሳሌ የወር ቀለቡ 4,500 ብር ነው እንበል። የሁለት ወር ዕዳ 9,000 ብር ነው። ባለቤቱን እየጠበቃችሁ አራት ወር ብትጨምሩ 27,000 ይደርሳል። ያ ሁሉ ከእናንተ ኪስ የወጣ ነው። የእኛ ባዝራ አምስተኛው ወር ላይ የበላችው ከዋጋዋ ጋር ሊስተካከል ተቃርቦ ነበር። አባቴ ይህን ያወቀው ደብተሩን ደምሮ ሲጨርስ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ገጹን ያይ ነበር።

ሌላም አለ። ፈረሱ በእጃችሁ እስካለ ድረስ ጥፋቱም የእናንተ ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ቁጥር 2072 ደግሞ እንስሳውን የተረከበውን ሰው ይጨምራል። ፈረሱ ገመዱን በጥሶ ወጥቶ የጎረቤት ልጅ ቢረግጥ "የእኔ አይደለም" ማለት ብቻውን አያድናችሁም። ቢሞትም ጥያቄው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የታመመ ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ ያየውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በተናካሽ ጥቃቅን ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይበረታል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርታል። ማን እንደሚያስከትብ አስቀድሞ ይጻፍ።

ይዛችሁ ሳለ ከሦስት ነገሮች ተጠበቁ። አንደኛ፣ አትሽጡ። በአደራ የተቀበሉትን የሰው ንብረት ሽጦ ገንዘቡን መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ሊያስጠይቅ ይችላል። ዕዳ ያለበት ሰው ድንገት ከሳሽ ሆኖ ይመጣባችኋል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ጋሪ አታስጎትቱት። ሦስተኛ፣ ፈረሱ አንዴ ከግቢያችሁ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ ከጋሪው ፈትታችሁ አታምጡት። በጉልበት የተወሰደበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት መክሰስ ይችላል፤ ዕዳችሁ እውነት ቢሆንም እንኳ።

ረሃብን መያዣ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። "ባለቤቱ ካልከፈለ እኔ ለምን አበላለሁ" ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈረሱ ምንም አልተበደረም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

መያዣን በወረቀትና በመዝገብ

ይህ በ2011 ዓ.ም. የመጣ መንገድ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትና መኪና የሌለው ሰውም ያለውን ነገር መያዣ እንዲያደርግ በር ከፍቷል። የቤት እንስሳም ይገባበታል። መዝገቡ የሚመራው በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው።

ከተራ መያዝ የሚለይበት ትልቁ ነገር ንብረቱ በባለቤቱ እጅ ሊቆይ መቻሉ ነው። ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ፣ ባለቤቱ እየሠራበት፣ መብታችሁ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ቀለቡን እናንተ አትሸከሙም። ነገ ባለቤቱ ያንኑ ፈረስ ለሌላ አበዳሪ ቢያስይዝ ቀድሞ የተመዘገበው ቅድሚያ አለው። ወደፊት የሚገኝ ንብረትም መያዣ ሊሆን ስለሚችል ገና ያልተወለደ ውርንጭላ ጭምር ስምምነቱ ውስጥ መጻፍ ይቻላል። ይህ ለድንጉላ ባለቤቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ጉድለቱ ደግሞ ድካሙ ነው። ለአንድ ባለጋሪ የሳምንት ማሳደሪያ ማንም መዝገብ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። የሚያዋጣው ፈረሱ ውድ ሲሆን፣ ቆይታው ሲረዝም ወይም ባለቤቱ ብዙ ፈረሶች ሲኖሩት ነው። ፈረስ እንደ መኪና ታርጋ ስለሌለው መግለጫው ላይ አትስነፉ። "ቀይ ፈረስ" ብሎ መጻፍ ከንቱ ነው። ዳማ፣ ባዝራ፣ ግምት ዕድሜ፣ ግንባር ላይ ቦቃ፣ የቱ እግር ነጭ እንደሆነ፣ የጠባሳው ቦታ። ከግራና ከቀኝ ፎቶ አንሡ።

ዋስ ወይስ ቅድመ ክፍያ?

በእኔ እምነት ለትንሽ ሥራ ከሁሉም የሚሻለው ቅድመ ክፍያ ነው። የወሩን በወሩ መጀመሪያ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የአንድ ወር ተቀማጭ። ባለቤቱ ቢጠፋ እንኳ ለሽማግሌና ለማስጠንቀቂያ የሚሆን 30 ቀን ይኖራችኋል። አባቴ መጀመሪያ ላይ "ሰው ምን ይለኛል" ብሎ ከበደው። አሁን ግን ደንበኞቹ ለምደውታል፤ የቀረ ሰው የለም።

ቅድሚያ መክፈል የማይችል ሰው ዋስ ይጥራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነጥብ አለ። "ለእሱ እኔ አለሁ" የሚል ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት። በቁጥር 1922 መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። "እስከ 20,000 ብር ድረስ" የሚለው አጭር ሐረግ ነው ሁሉን የሚያድነው። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ዋሱ የታወቀ ነጋዴ ወይም የዕድር ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ሲጠራ የሚገኝ ሰው ማለቴ ነው።

ሽማግሌ

የእኛ ጉዳይ ያለቀው በሽማግሌ ነው። በአምስተኛው ወር መጨረሻ የሰውየው ወንድም ከአሰላ መጣ። ሦስት አባቶች ግቢያችን ተቀመጡ። አባቴ ደብተሩን አቀረበ። ወንድምየው ገጽ በገጽ ገለጠ፣ የፉርሽካውን ዋጋ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ "ወንድሜ በወር ስንት ተስማማ?" ብሎ ጠየቀ። የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። ሽማግሌዎቹ አጠገብ ካሉ ቀላቢዎች ጠይቀው መካከለኛ ዋጋ ቆረጡ። ከተጠየቀው ግማሹን ያህል ከፍሎ ባዝራዋን ወሰደ። ስትወጣ አባቴ አንድ እፍኝ ገብስ ሰጣት።

ሽማግሌ ፈጣን ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ከሁሉ በላይ ጉርብትና አያፈርስም። ኦሮሚያ ውስጥ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች ተቋቁመዋል። እዚያ የሚቀመጡት ጃርሶች (ሽማግሌዎች) የከብትና የፈረስ ነገር ሲነገራቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለ ጋሪ ፈረስ ዋጋ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ብዙ ሰው ግን የእርቁን ውጤት በቃል ይተወዋል። አትተዉት። ስምምነቱን ጻፉ፤ ስንት፣ መቼ፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ይሁኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ያለ የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። የሽማግሌ ድካሙ ደግሞ ሌላው ወገን ካልመጣ ምንም ማድረግ አለመቻሉ ነው። ወንድምየው ባይመጣ ኖሮ ሦስቱ አባቶች ከማን ጋር ያስታርቁን ነበር?

ክስ

ባለቤቱ ሽማግሌ ካልቀረበ ወይም ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ፍርድ ቤት ነው። ቶሎ ሂዱ። አጠቃላዩ የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው፤ ለአንዳንድ ዓይነት ዕዳ ግን አጭር ጊዜ አለ። ፈረሱ ደግሞ እየበላ ይርጋ አይጠብቅም።

ከክሱ በፊት ማስጠንቀቂያ ስጡ። ቁጥር 1772 ይህን ይጠይቃል። ቀላል ደብዳቤ ይበቃል፦ ይህን ያህል አለብህ፣ በ15 ቀን ክፈል፣ ካልሆነ ወደ ሕግ እሄዳለሁ። መስጠታችሁን የሚያሳይ ፊርማ ወይም ምስክር ያዙ።

የጽሑፍ ውል ካላችሁና ዕዳው ተቆርጦ የታወቀ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። እዚያ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ውሉ የቃል ከሆነ ግን ተራው ረጅም መንገድ ነው፤ ምስክር መቁጠር፣ ቀጠሮ መመላለስ። የአንድ ገጽ ወረቀት ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ፈረሱ በእጃችሁ ካለ ክሱ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ቀለቡ ዋጋውን እንደሚበላው አስረዱና ፈረሱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጥ፣ ገንዘቡም በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ አመልክቱ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። የሸጣችሁት እናንተ አትሆኑም፤ ባለቤቱም ገንዘቡን አያጣም፤ ፈረሱም ወደሚሠራበት ሰው ይሄዳል። ፈረሱ በባለቤቱ እጅ ከሆነ ደግሞ እንዳይሸጥ የእግድ ትእዛዝ ጠይቁ። ሕጋዊ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ መሆኑን አትርሱ፤ ክሱ ላይ ካልጠየቃችሁት አታገኙትም።

አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ፍርድ አግኝታችሁ ወደ አፈጻጸም ስትገቡ የባለዕዳው የሥራ መሣሪያ ከማይያዙ ንብረቶች መካከል ነው። ባለጋሪው "ፈረሴ የእንጀራዬ መሣሪያ ነው" ብሎ ሊከራከር ይችላል። አስቀድሞ መያዣ ያስመዘገበ ሰው እዚህ ላይ ከተራ ከሳሽ የተሻለ ቦታ ይዞ ይቆማል።

አዳማ ላይ የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ክሱ በዚያ ቋንቋ ይጻፋል፤ የአማርኛ ውላችሁ ይተረጎማል። በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይህን በየቀኑ ይሠራሉ። ገንዘቡ ከበዛ ግን ጠበቃ ያዙ።

የማስጠቂያ ዋጋ

ይህ ከቀለብ የተለየ ነው። ባዝራዋ ተጠቅታ በዚያው ቀን ትሄዳለች። የድንጉላው ባለቤት እጅ ላይ የሚቀር ምንም የለም። እርግዝናው 11 ወር ገደማ ይፈጃል። "ስትወልድ እከፍልሃለሁ" ተብሎ አንድ ዓመት የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው።

ሦስት መንገድ አለ። በዕለቱ መቀበል፤ ይህ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ባትጸንስ ኪሳራው የባዝራዋ ባለቤት ነው። ግማሹን በዕለቱ፣ ግማሹን በሕይወት ሲወለድ መቀበል፤ ይህ ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው፣ ነገር ግን የተጠቃችበት ቀን ተጽፎ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ አለዚያ "ከሌላ ድንጉላ ነው የጸነሰችው" ይመጣል። ሦስተኛው አያቶቻችን የሚያውቁት ርቢ ነው፤ የሚወለደውን መካፈል።

ለእኔ ርቢው ከመያዣ ይበልጣል። መያዣ ያለው ሰው የሰው ንብረት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጠብቀው። ርቢ የገባ ሰው ግን የውርንጭላው የጋራ ባለቤት ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ የሚሸጥ ነገር የለም። ይጻፍ ብቻ። ውርንጭላው ጡት እስኪጥል ማን ጋ ይቆያል? ቀለቡን ማን ይችላል? ቢሞት እንዴት ይሆናል? ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ ሲሸጥ ነው፤ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥም ጨምሩ። ርቢ ካልፈለጋችሁ ውርንጭላውን ከላይ ባልኩት መዝገብ ላይ መያዣ አድርጉት።

ታዲያ የቱን?

የባለጋሪዎችን ፈረስ ማታ ማታ የምታሳድሩ ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ተቀበሉ፤ ያልከፈለን ለአንድ ሁለት ቀን መያዝ ይበቃችኋል። ለወራት የምትቀልቡ ከሆነ የአንድ ገጽ ውል፣ የአንድ ወር ተቀማጭና መጠኑ የተጻፈ ዋስ። ውድ የግልቢያ ፈረስ ወይም የብዙ ፈረስ ባለቤት ከመጣ መዝገቡን አትለፉ። ጎረቤትና ዘመድ ከሆነ ከክስ በፊት ሽማግሌ፤ አድራሻው የማይታወቅ ሰው ከሆነ ግን ሽማግሌን ወር አትጠብቁት።

አሁኑኑ ያልተከፈለበት ፈረስ ግቢያችሁ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ፈረሱን ከአራት ወገን ፎቶ አንሡት። ከገባበት ቀን ጀምሮ ያወጣችሁትን በቀን በቀን ጻፉ፤ የመኖውን ደረሰኝ አያይዙ። ሁለት ጎረቤት ጠርታችሁ ፈረሱን በምን ሁኔታ እንዳዩት አስፈርሙ። የባለቤቱን ዘመድ፣ የሠፈሩን ሰው፣ የድሮ ጋሪ አጣማሪውን ፈልጉ። ማስጠንቀቂያውን ነገ ጠዋት ላኩ። ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ገመዱ የላላ እንደሆነ እዩ፣ ውኃውን ሙሉለት።